ከዴንቨር እስከ ዴዝ ቫሊ በስድስት ጎማ

የአሜሪካዋ ኮሎራዶ ዋና ከተማ ዴንቨር ራሷን “አንድ ማይል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ” ብላ ትጠራለች። በክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ደረጃዎች በአንደኛው ላይ ከባሕር ጠለል በላይ ልክ አንድ ማይል፣ ማለትም 1,609 ሜትር የሆነበት ስፍራ ምልክት ስለ ተደረገበት እንግዳ ሁሉ እዚያ ቆሞ ፎቶግራፍ ይነሣል። ከአዲስ አበባ ለሄደ ሰው ግን ነገሩ ፈገግ ያሰኛል። እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ተወልደን፣ አድገን፣ ዳገቱን ሽቅብ ሮጠን ከፍታችን ትዝ ብሎን አያውቅም!

በጥቅምት አጋማሽ ከታናሽ እህቴ፣ ከባለቤቷና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ከዚህችው ከተማ ተነሥተን በካሊፎርኒያ እስከሚገኘው ዴዝ ቫሊ፣ “የሞት ሸለቆ” እስከሚባለው በረሃ ድረስ በሞተርሆም ተጉዘን ነበር። መንገዱ መጀመሪያ 3,400 ሜትር ገደማ ወደሚሆን ተራራ ይወጣል፤ መጨረሻው ደግሞ ከባሕር ጠለል 86 ሜትር በታች ነው። ውርጩም ሐሩሩም በአንድ ጉዞ ይገኛል። ስለ ተራሮቹና ስለ ቀያዮቹ አለቶች ብዙ ተጽፏል፤ ፎቶግራፋቸውም በየካላንደሩ ላይ አለ። እኔ ላጫውታችሁ የምፈልገው ግን ከመሪው አጠገብ በተለጠፈች፣ የእጅ መዳፍ በማታህል መስኮት ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ሲወጡና ሲወርዱ ስለ ዋሉ ስድስት ቁጥሮች ነው።

የምንጓዝበት ቤት

ሞተርሆም ላላያችሁ፣ ከፊት ለፊት ሲመለከቱት የጭነት መኪና፣ ከወገቡ በኋላ ደግሞ ቤት ነው። አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ መታጠቢያና መጸዳጃ ቤት አለው። ሾፌሩ ሲነዳ ልጆች ከኋላ ጠረጴዛ ከበው ይጫወታሉ። ሲመሽ ሆቴል መፈለግ የለም፤ ለዚህ በተዘጋጀ ማረፊያ ቆሞ መብራትና ውሃ ማገናኘት ብቻ ነው። እህቴና ባለቤቷ ይህንን መኪና ያገለገለ ገዝተው በየዓመቱ አንድ ሳምንት አብረውት ይጠፋሉ።

የእነርሱው መኪና 9 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ሲጫን ከ6 ቶን በላይ ይመዝናል። እህቴ ለአንድ ሳምንት የጫነችውን የጤፍ ዱቄት፣ ሽሮ፣ በርበሬና የኤሌክትሪክ ምጣድ ያየ ሰው ስደት የምንወጣ ሊመስለው ይችል ነበር። ውሃውም አለ፤ 150 ሊትር ውሃ ማለት 150 ኪሎ ግራም ነውና። ይህን ሁሉ የሚሸከሙት ስድስት ጎማዎች ናቸው፦ ሁለት ከፊት፣ ከኋላ ደግሞ በየጎኑ ጥንድ ጥንድ ሆነው አራት። በጎማዎቹ ጎን ላይ የተጻፈውን ላነበበ ሰው እያንዳንዱ ጎማ 80 ፒኤስአይ ሲሞላ ብቻውን 1,215 ኪሎ፣ ከጥንዱ ጋር ሲሆን ደግሞ 1,120 ኪሎ መሸከም እንደሚችል ይነገረዋል። (ፒኤስአይ የምንለው በአንድ ኢንች ካሬ ላይ በፓውንድ የሚለካ ግፊት ነው፤ በአገራችንም ጎሚስታው “ስንት ልሙላ?” ሲለን “ሠላሳ” የምንለው በዚሁ መለኪያ ነው።)

ልብ በሉ፤ ክብደቱን የሚሸከመው ላስቲኩ ብቻ አይደለም፤ በውስጡ የታመቀው ነፋስ ነው። ነፋሱ ሲያንስ የጎማው ጎን በእያንዳንዱ ዙር ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፤ ሽቦ ደጋግመው ሲያጥፉት እንደሚግለው ይግላል። ሙቀቱ ሲጠና በላስቲኩ ውስጥ ያለው ጨርቅና ሽቦ እየተላቀቀ ይሄዳል። ብዙ ሰው ጎማ የሚፈነዳው ነፋስ ሲበዛበት ይመስለዋል። በአውራ ጎዳና ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ጎማን የሚገድለው ነፋስ ማነሱና ጭነት መብዛቱ ነው።

ከፀሐይ በፊት

የተነሣንበት ቀን ንጋት ላይ የዴንቨር አየር 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። የእህቴ ባል ገና ሳይነጋ ባትሪ በእጁ ይዞ ከጎማ ጎማ ሲያጎነብስ አየሁትና “ምነው፣ እስኪነጋ አትቆይም?” አልኩት።

“አይ ጋሼ፣ ፀሐይ ከነካው በኋላ የሚለካው ነገር ሌላ ነው” አለኝ።

በሾፌሩ በር አጠገብ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ለፊት ጎማ 75፣ ለኋላ ጎማ 80 ተብሎ ተጽፏል። ይህ ቁጥር የቀዝቃዛ ጎማ ቁጥር ነው። ቀዝቃዛ የሚባለው መኪናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቆሞ ሲያድር ወይም ከአንድ ማይል ያነሰ ሲነዳ ነው። ፀሐይ በአንድ ጎን የመታችው ቆሞ የዋለ መኪና እንኳ በዚያ በኩል ያለው ጎማ ከሌላኛው ጎን ሁለት ሦስት ፒኤስአይ በልጦ ይገኛል። እንግዲህ በቀትር፣ ነድተን ደርሰን፣ ነዳጅ ማደያ ውስጥ “እስቲ ጎማውን እይልኝ” የምንለው ልማድ የሚነግረን የነዳንበትን መንገድና የፀሐይዋን ብርታት እንጂ የጎማውን ጤና አይደለም።

ስድስቱንም አስተካክሎ ሲጨርስ እህቴ ከደብተሯ ላይ ጻፈችው፦ ፊት 75፣ 75፤ ኋላ 80፣ 80፣ 80፣ 80። ከዚያ በእያንዳንዱ ጎማ ቫልቭ ጫፍ ላይ አንዳንድ ሴንሰር አጠበቁ። ሴንሰሮቹ የጎማውን ግፊትና ሙቀት በሬዲዮ ሞገድ ወደዚያች ትንሽ መስኮት ይልካሉ።

ይህ መሣሪያ ከፋብሪካ የመጣ አይደለም፤ ምክንያቱም መታወቅ አለበት። በ2000 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ወር ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማዎችን ከገበያ ለመሰብሰብ ተገደደ። የእነዚህ ጎማዎች ጥርስ በጉዞ ላይ እየተገነጠለ መኪና ሲገለበጥ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተው ነበር። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት ትሬድ የተባለውን ሕግ አወጣ፤ ከመስከረም 2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮም አዲስ የቤት መኪና ሁሉ የአንዱ ጎማ ነፋስ ከታዘዘው 25 በመቶ ሲወርድ ሾፌሩን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። ነገር ግን ግዴታው ከ4,536 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝኑትንና ከኋላ ጥንድ ጎማ ያላቸውን መኪኖች አይመለከትም። ስለዚህ አምስት ነፍስ አሳፍሮ የሚሄደው ቤት ማስጠንቀቂያ የሌለው ሆኖ፣ ወደ ገበያ የምንሄድባት ትንሽ መኪና ማስጠንቀቂያ ያላት ሆና ተገኘች። ሞተርሆም ያለው ሰው በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ይገጥማል። እኔን ብትጠይቁኝ ከመጋረጃውም ከቴሌቪዥኑም በፊት መገዛት ያለበት ይህ ነው።

ቁጥሩ ሽቅብ ሲሄድ

ከዴንቨር ወደ ምዕራብ የሚወስደው 70 ቁጥር አውራ ጎዳና ወዲያውኑ ዳገት ነው። ጥድ፣ ገደል፣ አልፎ አልፎም የጥንት የወርቅ ቆፋሪዎች መንደር እያለፍን ስንወጣ በመስኮቷ ላይ ያሉት ቁጥሮችም አብረውን ወጡ። 80 የነበረው 83፣ 86፣ 88 ሆነ። እህቴ እያየች ትጽፋለች። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሊፈነዳ ነው እያልኩ በሆዴ እጨነቃለሁ።

ለመሆኑ ለምን ይወጣል? አየር በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ሲሞቅ የሚሰፋበት ስለሌለው ግድግዳውን ይገፋል። ይህንን በ18ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ በልኬት ያሳየው ጊዮም አሞንቶን የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ መስማት የተሳነው ሰው ነበር። ጎማ ሲሽከረከር በመተጣጠፉ ራሱን ያሞቃል፤ ከአስፋልቱም ሙቀት ይቀበላል። በ80 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ ውስጡ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ 3 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል፤ በዚያው መጠን ሲቀዘቅዝም ያንኑ ያህል ይቀንሳል። በትንሽ የቤት መኪና ላይ ለውጡ የዚህ ግማሽ ስለሚሆን ብዙዎቻችን ሳናስተውለው እንኖራለን። “ናይትሮጅን ካስሞላህ አይለዋወጥም” የሚሉ ነጋዴዎች አሉ። የምንተነፍሰው አየር ራሱ 78 በመቶ ናይትሮጅን ነው፤ ናይትሮጅንም እንደ ማንኛውም አየር ሲሞቅ ይገፋል። ለዚህ ብላችሁ ገንዘብ አታውጡ።

ሁለተኛው ምክንያት ከፍታው ነው። መለኪያው የሚያሳየን በጎማው ውስጥ ያለውን ግፊት ሁሉ ሳይሆን፣ የውስጡ ከውጭው ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። በባሕር ዳርቻ ከባቢው አየር 14.7 ፒኤስአይ ይጫነናል፤ በዴንቨር 12 ያህል፤ በተራራው ጫፍ ላይ ወደ 10 ይጠጋል። ውጭው በሳሳ ቁጥር የውስጡ በልጦ ይታያል። ይህንን የእህቴ ትንሿ ልጅ ከኔ በፊት ገባት። ከዴንቨር የገዛችው የድንች ጥብስ ከረጢት ሳይከፈት እንደ ኳስ ተነፍቶ አገኘችውና “አጎቴ፣ ይሄም ጎማ ሆነ!” አለችኝ። ነገሩ እርሱው ነው። ከጂቡቲ ወደብ ጭነው በአፋር በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወጡ ሾፌሮቻችንም በዚህ ብቻ 3 ፒኤስአይ ተኩል ያህል ጭማሪ ያገኛሉ፤ የደጋው ብርድ ደግሞ መልሶ ይወስድባቸዋል።

የአይዘንሃወር ዋሻ ላይ ስንደርስ የኋላ ጎማዎቹ 90 አሳዩ። ይህ ዋሻ በ1973 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ አውራ ጎዳናውን በአህጉሩ የውሃ መለያ ተራራ ሥር የሚያሳልፍ ነው፤ 2.7 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከዋሻው በስተ ምሥራቅ የሚወርደው ውሃ ወደ አትላንቲክ፣ በስተ ምዕራብ የሚወርደው ወደ ፓስፊክ ይሄዳል። ከ80 ወደ 90 ከተጨመረው 10 ውስጥ ሁለቱን ተኩል ከፍታው፣ የቀረውን ሙቀቱ አመጣው። ጎማው ደህና ነው። ሠሪዎቹም ቀዝቃዛውን ቁጥር ሲወስኑ በጉዞ ላይ ይህን ያህል እንደሚወጣ አስቀድመው አስበውበታል።

ከዋሻው ወዲያ ያለው ቁልቁለት ረጅም ነው። የእህቴ ባል ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ ኃይል እየያዘ፣ ፍሬን አልፎ አልፎ ብቻ እየነካ ወረደ። ፍሬን ላይ ተኝቶ የሚወርድ ሾፌር የፍሬኑን ግለት በቸርኬው በኩል ለጎማው ያስተላልፋል፤ ሴንሰሩም ወዲያው ይናገርበታል።

ልኩን የያዘው ጎማ

ግሌንውድ የተባለውን ጠባብ የወንዝ ሸለቆ አለፍን። እዚያ ያለው 20 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በ1992 እ.ኤ.አ. ሲጠናቀቅ ገደሉን ላለመጉዳት ሲባል በብዙ ቦታ በድልድይ ላይ የተንጠለጠለ ሆኖ ነው የተሠራው። ግራንድ ጀንክሽን ከተማ ምሳ በላን። ከዚያ በኋላ ተራራው አልቆ የዩታ በረሃ ተዘረጋ፤ አየሩም ወደ 19 ዲግሪ ሞቀ።

ወደ ምዕራብ ስለምንሄድ ፀሐይዋ በግራ በኩል ነበረች። የግራ የኋላ ጎማዎች 95 እና 96 አሳዩ። ከቀኝ የውስጠኛው 94። ከቀኝ የውጭው 84።

እህቴ ደብተሯን ወደ ኋላ ገለጠች። ዋሻው ላይ አራቱም 90 ነበሩ። ግሌንውድ ላይ ያኛው 88 ሲሆን ሌሎቹ 92 ነበሩ።

“ይሄኛው ጎማ አላማረኝም” አለች።

“ስንት አለ?”

“ሰማንያ አራት።”

“ታዲያ ምን ሆነ? የሚፈለገው ሰማንያ አይደል? እንዲያውም ልኩን የያዘው እርሱ ነው። የምንሰጋ ከሆነ ለነዚያ ነው የምንሰጋው።”

እህቴ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ “ሆድዬ፣ አራቱም ከአንድ ቤት ነው የወጡት። ጠዋት እኩል ነበሩ። መንገዱ አንድ፣ ሙቀቱ አንድ። ሦስቱ ዘጠና ምናምን ሲሆኑ ይሄ ለምን ቀረ?” አለችው።

ውድ አንባቢያን፣ ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ማስጠንቀቂያው አልጮኸም። መሣሪያው እንዲጮህ የተደረገው ግፊቱ ከ72 ሲወርድ ስለሆነ 84 ለእርሱ ሰላም ነው። ሙቀቱ የፈሰሰውን ነፋስ ሸፍኖታል። በእነዚያ ሁሉ ኪሎ ሜትሮች ይህ ጎማ ሲሞቅ እየጨመረ፣ ሲያፈስ እየቀነሰ፣ በመስኮቷ ላይ ግን ከሁሉ ይልቅ “ትክክል” የሚመስል ቁጥር ይዞ ቆየ። ያንኑ ጎማ ወደ ንጋቱ 3 ዲግሪ ብንመልሰው 72 ብቻ ነበር የሚያሳየን። በሞቀ ጎማ ላይ ብቻውን የሚነበብ ቁጥር ያታልላል፤ የሚታመነው ከጥንዱና ከማዶው ጎማ ጋር ሲያወዳድሩት ነው። በአንድ አክስል ላይ ያሉ ጎማዎች አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። በፀሐይ በኩል ያሉት ሁለት ሦስት ቢበልጡ ያለ ነው፤ ከመካከል ያለው የውስጠኛው ጎማ ነፋስ ስለማያገኘው ትንሽ ቢሞቅም ያለ ነው። አንዱ ብቻውን አሥር ወደ ኋላ ከቀረ ግን ይቆማል።

ለባለትዳሮች አንድ ነገር ጣል ላድርግ። የሚነዳው ሰው ዓይኑ መንገድ ላይ፣ ልቡም መድረሻው ላይ ነው፤ “ምንም አይደለም” የሚለው ቃል ከአፉ ቶሎ ይወጣል። ቁጥሩን አጠገቡ ያለው ሰው ቢይዘው ይሻላል፤ ቁጥሩን የያዘው ሰው “አላማረኝም” ካለ ደግሞ ሾፌሩ ሊቆም ይገባዋል። እዚያ መኪና ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ዝምታ ሆነ። የእህቴ ባል በቀኝ በኩል ያለውን የኪሎ ሜትር ምልክት አየ፣ መስኮቷን አየ፣ 83 ሆኗል። ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ግሪን ሪቨር የምትባለው ትንሽ ከተማ ስንደርስ የቀኝ ፍሬቻ አሳየ።

ግሪን ሪቨር

ግሪን ሪቨርን ያለፈ ሰው በዚያው በ70 ቁጥር አውራ ጎዳና ሳሊና የምትባል ከተማ እስኪደርስ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳጅ ማደያም፣ ጎሚስታም፣ ሻይ ቤትም አያገኝም። በመላው አሜሪካ በእንዲህ ያሉ ትልልቅ አውራ ጎዳናዎች ላይ አገልግሎት ሳይገኝ ይህን ያህል የሚኬድበት ሌላ መንገድ የለም፤ ከከተማዋ ሲወጡ የሚያስጠነቅቅ ሰሌዳ ተተክሏል። መንገዱ ሳን ራፋኤል በሚባለው የተሰነጣጠቀ የአለት ምድር መካከል ይወጣል። ጥንድ ጎማ አንዱ ሲሰንፍ ሸክሙ ወደ ጓደኛው ይዞራል፤ 1,120 ኪሎ የተመደበለት ውስጠኛው ጎማ የሁለቱን ይሸከማል ማለት ነው። ከዚያ እርሱም ይግላል። ልጆቹ የተኙበት አልጋ ከእነዚያ ጎማዎች በላይ ነበር።

ያገኘነው ጎሚስታ በዕድሜ የገፋ ዝምተኛ ሰው ነበር። ዕቃ አላወጣም፤ መጀመሪያ በጠርሙስ የያዘውን የሳሙና ውሃ በቫልቩ ሥር ረጨ። ወዲያው አረፋ ኩፍ ኩፍ አለ። ነገሩ ይኸው ነበር፦ የላስቲክ ቫልቭ ላይ ሴንሰር ሲጠብቅበት ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር የሴንሰሩ ክብደት ቫልቩን ወደ ውጭ ይስበዋል፤ በጊዜ ብዛት ሥሩ ይሰነጠቃል። ይጠብቀናል የተባለው መሣሪያ ራሱ ነው ያፈሰሰው! ሴንሰር የሚያስገጥም ሰው የላስቲኩን ቫልቭ በብረት ቫልቭ ማስቀየር አለበት። ሽማግሌው የአምስቱንም አየና ስድስቱንም በብረት ቀየረ። ስንት መሙላት እንዳለበት ስንጠይቀው “ዛሬ በግምት፣ ነገ በልክ” ብሎ ጎማዎቹ እስኪበርዱ ጠብቀን ጠዋት እንድናስተካክል ነገረን። እዚያው ከተማ አደርን።

በማግስቱ ንጋት 1 ዲግሪ ነበር፤ አራቱን የኋላ ጎማዎች እኩል 79 አደረጋቸው። የጎደለችው አንዷ ቁጥር አላስጨነቀችውም፤ ቀትር ላይ ወደ ቆላ እንደምንወርድ ያውቃልና። ያንን 170 ኪሎ ሜትር ሰው የሌለበት ምድር እህቴ ደብተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አራት እኩል ቁጥሮች እያየች ተሻገረችው። እኔም ያን ጊዜ ነው ስለ ቀያዮቹ አለቶች ማየት የጀመርኩት። ለካስ ያምራሉ!

የማይነካ ነፋስ

ኮቭ ፎርት ላይ 70 ቁጥር አልቆ 15 ቁጥር ወደ ደቡብ ይወስዳል። ሲዳር ሲቲን ሲያልፉ መንገዱ መውረድ ይጀምራል፤ የአየሩም ጠባይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከደጋ ወደ ቆላ ይለወጣል። በኔቫዳ ጠረፍ ላይ ያለችው ሜስኪት ስንደርስ 30 ዲግሪ ሆነ፤ የኋላ ጎማዎቹም 96 እና 97 አሉ።

ነዳጅ በምንቀዳበት ቦታ አንድ ሰው ከኛው ጋር የሚመሳሰል መኪናውን አቁሞ ቫልቩን በሚስማር ተጭኖ ነፋስ ሲያስወጣ አየን። ጭስ የሚመስል ድምፅ ያለው ትንፋሽ ይወጣል፤ በሌላ እጁ መለኪያ ይዟል። ጎማዎቹ እንደኛው ሞቀው ሊሆን ይችላል፤ ወደተጻፈው ቁጥር እየመለሳቸው ነው። የእህቴ ባል ሄዶ ሰላም አለውና ለጥቂት ጊዜ ተነጋገሩ።

እስቲ ስሌቱን እንየው። ሜስኪት ላይ ውስጡ 57 ዲግሪ የደረሰ ጎማ 96 ያሳያል። ይህንን 80 እስኪሆን ብናስተነፍሰው ለዚያች ሰዓት ልክ ይመስላል። መኪናው ግን ይቆማል፤ ይበርዳል። ያው ጎማ ዴንቨር ተመልሶ በ3 ዲግሪ ንጋት ሲለካ 66 ብቻ ይሆናል። ከሚያስፈልገው 14 ፒኤስአይ ያነሰ ጎማ በሙሉ ጭነት ሊነሣ ነው ማለት ነው። ይባስ ብሎም፣ ያነሰው ጎማ ይበልጥ ስለሚታጠፍ ይበልጥ ይሞቃል፤ ይበልጥ ሲሞቅ መለኪያው እንደገና ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል፤ ባለቤቱም እንደገና ያስተነፍሰዋል። የሞቀ ጎማ አይነካም። ቁጥሩ ካሳሰበን ፍጥነት እንቀንሳለን፣ ጥላ ፈልገን እናሳርፈዋለን፣ ጭነት እናወርዳለን። ነፋሱን ግን አንነካም። ሙቀቱ 70 ዲግሪ ካለፈ፣ ወይም ግፊቱ ከቀዝቃዛው ልክ በ25 በመቶ ከበለጠ፣ ችግሩ ከነፋስ ብዛት ሳይሆን ከጭነት፣ ከፍጥነት ወይም ከፍሬን ሊሆን ስለሚችል ቆሞ መፈለግ ነው።

ላስ ቬጋስ አደርን። የሐበሻው ብዛት! ቡናው፣ ጨዋታው፣ እንግዳ አቀባበሉ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

ከባሕር በታች

ዴዝ ቫሊን በጥቅምት ማየት ደግ ነው። በበጋቸው፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ አንዳንድ አከራዮች ሞተርሆማቸው እዚያ እንዳይገባ በውል ይከለክላሉ። አይፈረድባቸውም። በሐምሌ 10 ቀን 1913 እ.ኤ.አ. ፈርነስ ክሪክ በተባለው ስፍራ የተመዘገበው 56.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስከ ዛሬ የዓለም ከፍተኛ የአየር ሙቀት ሆኖ ተይዟል። እኛ በደረስንበት ቀን ግን 33 ነበር።

ባድዋተር የሚባለው የሸለቆው ወለል ነጭ ጨው ነው። ከሰሜን አሜሪካ ሁሉ ዝቅ ያለው ምድር ይህ ሲሆን፣ ከበላዩ ባለው ገደል ላይ የባሕር ጠለል እስከ የት እንደሆነ የሚያሳይ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ አንገት አንጋጦ ነው የሚታየው። ልጆቹ ሲደነቁ እኔ ስለ ደናክል ነገርኳቸው። የእኛው ከ100 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጨውም አለው፤ ያውም በግመል የሚጫን አሞሌ! ወንዱ ልጅ ደግሞ ተራራው ላይ ውሃውን ጠጥቶ ክዳኑን አጥብቆ የዘጋውን ባዶ ላስቲክ ጠርሙስ አምጥቶ አሳየን። ሰው የረገጠው ይመስል ተጨራምቷል። የሳሳው የተራራ አየር ውስጡ ተዘግቶበት ወርዶ፣ የሸለቆው ወፍራም አየር ከውጭ ተጫነው። ከዋሻው እስከዚህ 5 ፒኤስአይ ነው ልዩነቱ። የጎማዎቹ ቁጥርም ከፍታ በማጣታችን ብቻ ያንኑ ያህል ወርዶ ነበር፤ ግን በረሃው ከወሰደው በላይ በሙቀት ስለሚመልስ ማንም አያየውም።

ፈርነስ ክሪክ አደርን። ንጋት ላይ 18 ዲግሪ ነበር፤ ኮከቦቹ ገና አልጠፉም። የእህቴ ባል በባትሪው እየዞረ ለካ። ከኋላ አራቱም 82።

“ሁለት በልጧል” አለ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ወደ እህቴ ዞረ። “ምን ትያለሽ?”

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አሁን የሚለካው ጎማ ቀዝቃዛ ነውና። እዚያ ሳምንት የምንሰነብት ቢሆን ኖሮ ጠዋት ጠዋት ወደ 80 መመለሱ ትክክል ነበር። እህቴ ደብተሯን አየች። “ዛሬ ማታ ሲዳር ሲቲ ነው የምናድረው አይደል?” ሲዳር ሲቲ ከ1,700 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊቱም ውርጭ ነው።

“አዎ።”

“እንግዲያው ተወው፤ ነገ ጠዋት ትለካዋለህ።”

ሴንሰሮቹን መልሶ አጠበቀ፤ ባትሪውን አጠፋ። ልጆቹ እንደ ተኙ፣ ፀሐይ የምሥራቁን ተራራ ሳታልፍ ተነሣን።